ትርፉ አሻንጉሊቱ ላይ፣ ወጪው ሞልዱ ላይ

ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተነስቶ ወደ መርካቶ መሀል የሚያቀና ሰው፣ በየሱቁ ደጃፍ በላስቲክ ተጠቅልለው የተንጠለጠሉ የፕላስቲክ ጀግኖችን ማየቱ አይቀርም። ሰይፍ የያዘ አለ፤ ጠመንጃ ያነገበ አለ፤ ካባ የደረበም አለ። ነጋዴው በደርዘን ይገዛቸዋል፣ በፍሬ ይሸጣቸዋል። ወላጅ ዋጋ ይከራከራል፤ ቸርቻሪው “አያዋጣኝም” ይላል፤ ሕፃኑ ግን አንዴ ጨብጦታልና አይለቅም። ዕቃው ከየት እንደመጣ ጠያቂ የለውም። አብዛኛው ከቻይና ነው።

ከእነዚህ አንዱን አውርዶ ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከጭንቅላቱ ጎን ተነስቶ በትከሻውና በጭኑ በኩል እስከ እግሩ የሚወርድ ቀጭን መስመር አለ። እጆቹ ከጎኑ ብዙም አይርቁም። ጣቶቹ አልተለያዩም። ከፊት የተቀባው ቀለም ከጀርባ የለም። ይህን ያየ “ርካሽ ሥራ ነው” ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ይሁን እንጂ መስመሩም ሆነ የተጣበቀው ጣት በቸልተኝነት የመጡ አይደሉም። እያንዳንዳቸው ከቀራፂው፣ ከብረት ሠራተኛውና ከገንዘብ ከፋዩ ድርድር በኋላ የተወሰኑ ናቸው።

ይህ ለመርካቶ ነጋዴ ምን ይፈይዳል? ከአስመጪነት ካፒታል ያጠራቀመ ሁሉ ውሎ አድሮ “ይህንን ዕቃ እዚሁ ለምን አላመርተውም?” የሚል ጥያቄ ይመጣበታል። ማሽኑ በገንዘብ ይገኛል። ጥሬ ፕላስቲኩም በገንዘብ ይገኛል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው በሁለቱ መካከል ያለው ብረት፣ ማለትም ሞልዱ (የቅርጽ ማውጫው) ነው። ገንዘቡ የሚታሰረው እዚያ ላይ ነው። ዕቃው ምን መልክ ሊኖረው እንደሚችል የሚወስነውም እሱ ነው።

ባልዲው ለምን አፉ ሰፋ?

የፕላስቲክ ባልዲ ከታች ጠቦ ከላይ እንደሚሰፋ ማንም ያውቃል። አንዱ ባንዱ ውስጥ እየገባ ቦታ ስለሚቆጥብ ቸርቻሪው ይወደዋል። ከዚያ የሚቀድመው ምክንያት ግን ሌላ ነው። አፉ ባይሰፋ ኖሮ ባልዲው ከብረቱ ላይ አይወጣም ነበር።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ጥሬ ፕላስቲኩ በትንንሽ ፍሬ መልክ ወደ ኢንጄክሽን ማሽኑ ይገባል፤ በሙቀት ይቀልጣል፤ ሁለት ሆኖ በተገጣጠመ ብረት ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ይወጋል፤ በውሃ ይቀዘቅዛል። ከዚያም ብረቱ ለሁለት ይከፈታል፤ ዕቃው ተገፍቶ ይወድቃል። ብረቱ ተመልሶ ይዘጋል። ይህ በቀን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል።

ከዚህ አሠራር አራት ሕጎች ይወለዳሉ። አንደኛ፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ብረቱ ሲከፈት ሳይነካካ መውጣት ስላለበት፣ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ወይም እንደ መንጠቆ የሚይዝ ቅርጽ ሊኖረው አይችልም። ቀጥ ያለው ጎን እንኳ ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ያህል ጋደል ማለት አለበት። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ብረቶች የተገናኙበት ቦታ በዕቃው ላይ መስመር ይተዋል። አሻንጉሊቱ ጎን ላይ ያለው መስመር ይኸው ነው። ሦስተኛ፣ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ብዙ መለያየት የለበትም። ወፍራሙ ክፍል ዘግይቶ ስለሚቀዘቅዝ ላዩ ይሰረጉዳል። አራተኛ፣ ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ኤ.ቢ.ኤስ. የተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ከመቶ ግማሽ ያህል፣ ለቤት ዕቃ የሚበዛው ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ ከመቶ ከአንድ እስከ ሁለት ተኩል ይቀንሳል። ስለዚህ 10 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን የሚፈለግ ዕቃ ብረቱ ላይ 10.2 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ሊቀረጽ ይችላል።

ከሕጉ ማምለጥ ይቻላል፤ ግን በገንዘብ ነው። መንጠቆ ያለው ቅርጽ ከተፈለገ በጎን በኩል የሚንሸራተት ተጨማሪ ብረት ይሠራለታል። እያንዳንዱ ተንሸራታች ብረት ሞልዱን ያስወድዳል፤ የሥራውን ፍጥነት ይቀንሳል፤ የሚበላሽበትን ቀንም ያቀርባል።

የአገራችን ሰው ይህንን ሕግ በእግሩ ተጫምቶት ያውቃል። ኮንጎ ጫማ ስፌት የለውም፤ ምስማር የለውም፤ ከአንድ ቀለጠ ፕላስቲክ ባንድ ጊዜ የወጣ ነው። ገበሬውም ታጋዩም የለበሰው ዋጋው በዚህ ምክንያት ዝቅ ስላለ ነው። አስመራ ላይ “ሺዳ” በሚል ስሙ ሐውልት እስከመቆም ደርሷል። ጫማ ሠሪው ቆዳ እየቆረጠ ሊደርስበት ያልቻለውን ዋጋ ያመጣው ሞልዱ ነው።

ከ30 ሳንቲ ሜትር ወደ 9.5

ዛሬ በሱቅ ደጃፍ ለሚንጠለጠሉት የፕላስቲክ ጀግኖች አባት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ሐስብሮ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው “ጂ.አይ. ጆ” የተባለው ወታደር ነው። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ 21 ነበሩ። ኩባንያው የፈራው አንድ ነገር ነበር፤ አባት ለወንድ ልጁ “አሻንጉሊት” አይገዛም። ስለዚህ ዕቃው አሻንጉሊት መባሉ ቀረና “አክሽን ፊገር” ተባለ። ስሙ ከዚያ ወዲህ የዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

ሌላም የነጋዴ ብልሃት ነበረበት። የሰው አካል የማንም ስላልሆነ አስመሳዮችን በፍርድ ቤት መክሰስ ያስቸግራል። ስለዚህ ጆ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ተደረገለት። የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር በስህተት በተቃራኒው በኩል ተቀርጾ ነበር፤ ስህተቱም ሳይታረም ቀረ፤ ቀድቶ የሠራ ሁሉ ስህተቱንም ስለሚቀዳ ሌባው በቀላሉ ይታወቅበታል።

የ30 ሳንቲ ሜትሩ ወታደር ልብስ የሚለብስ ነበር። ይህም ማለት የልብስ ስፌት፣ የቁልፍና የቦት ጫማ ወጪ አለው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ከነዳጅ የሚገኘው ፕላስቲክም አብሮ ተሰቀለ። ትልቁ ጆ በ1976 ከገበያ ወጣ። በዚያው ዘመን ሜጎ የተባለው ኩባንያ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አንድ ዓይነት ገላ አዘጋጅቶ፣ ጭንቅላቱንና ልብሱን ብቻ እየቀያየረ ብዙ ጀግኖችን በመሸጥ ገበያውን ያዘ። ገላው አንድ ስለሆነ የገላው ሞልድ ወጪ ለሁሉም ይከፋፈላል።

ሜጎ ግን አንድ ውሳኔ ተሳሳተ። “ስታር ዋርስ” የተሰኘው ፊልም አሻንጉሊቶች የመሥራት ዕድል ቀርቦለት ሳይቀበል ቀረ። ዕድሉን ኬነር የተባለው የሲንሲናቲ ከተማ ኩባንያ ወሰደው። ሜጎ በ1982 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ኬነር የገጠመው ችግር መጠን ነበር። የፊልሙ መስህብ መንኮራኩሮቹ ናቸው። ሰውየው 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የሚሳፈርበት መንኮራኩር ከሳሎን ጠረጴዛ ይበልጣል፤ የሚገዛውም አይኖርም። ስለዚህ የሰውየው ቁመት ወደ 9.5 ሳንቲ ሜትር ወረደ። ሌላው ቅርጽ አንድ ሆኖ ቁመት ብቻ ከ30 ወደ 9.5 ሲወርድ፣ ቁመቱ የቀነሰው ወደ ሦስት እጥፍ ነው፤ የሚፈጀው ፕላስቲክ ግን የሚቀንሰው ወደ 30 እጥፍ ነው። ልብሱም በስፌት መሆኑ ቀርቶ ገላው ላይ ተቀረጸ። መጋጠሚያዎቹ አምስት ብቻ ሆኑ፤ አንገት፣ ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ዳሌ። ክርንና ጉልበት አይታጠፉም።

ዘንድሮ ተክለ ሃይማኖት ላይ የተንጠለጠለውን ጀግና ክርኑን ለማጠፍ ሞክሮ ያቃተው ሕፃን፣ ሳያውቀው የዚያን ዘመን ስሌት እየተጫወተበት ነው።

ባዶ ካርቶን የተሸጠበት ገና

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ግንቦት 1977 ነው። ከገና ገበያ በፊት የቀሩት ወራት ጥቂት ነበሩ። ብረት ግን አይቸኩልም። ቅርጹ ይሠራል፣ ይጸድቃል፣ ሞልዱ ይቆረጣል፣ ይሞከራል፣ ይታረማል። ለገና እንደማይደርስ ሲታወቅ ኬነር በአሻንጉሊት ንግድ ታሪክ ተሰምቶ የማይታወቅ ነገር አደረገ። በውስጡ አሻንጉሊት የሌለበት ሥዕል ያለው ካርቶንና የቃል ኪዳን ወረቀት ሸጠ። ወረቀቱን በፖስታ የላከ ሕፃን በ1978 አራት ምስሎች በፖስታ ደረሱለት።

ለነጋዴ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ፍላጎት በአንድ ሳምንት ይፈጠራል፤ ሞልድ ግን በአንድ ሳምንት አይሠራም። ለበዓል ገበያ የሚያስብ አምራች በዓሉን ከወራት በፊት ማየት አለበት።

ከመጀመሪያዎቹ ምስሎች አንዱ “ጃዋ” የሚባል ድንክ ፍጡር ነበር። ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ሆኖ ሳለ ዋጋው ከሌሎቹ እኩል ነው። በመጀመሪያ ካባው ስስ ፕላስቲክ ነበር፤ ለዚያ ዋጋ ግን ርካሽ መስሎ ታየ፤ በጨርቅ ካባ ተለወጠ። ጥቂቶቹ የፕላስቲክ ካባ የለበሱት ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ከጨርቅ ለባሾቹ እጅግ ይበልጥ ይፈለጋሉ።

ከሰም እስከ ብረት

በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ቅርጽ አይሠራም። ቀራፂው በሰም ወይም በሸክላ ጭቃ በእጁ ይሠራ ነበር። ትንሹ ፊት ላይ ዓይን፣ አፍንጫና ከንፈር ለማውጣት ስለሚያዳግት፣ ብዙ ጊዜ ቅርጹ በእጥፍ መጠን ተሠርቶ “ፓንቶግራፍ” በተባለ መሣሪያ እየቀነሰ ብረቱ ላይ ይቀረጻል። ፓንቶግራፍ በአንድ በኩል ትልቁን ቅርጽ የሚዳስስ ዘንግ፣ በሌላው በኩል ያንኑ እንቅስቃሴ በግማሽ የሚደግም መቁረጫ ያለው ነው።

ሰም በቀላሉ ስለሚሰበር ከእሱ ላይ የጎማ ቅጂ ይወሰዳል፤ በጎማው ውስጥም ጠንካራ ሬንጅ መሳይ ፕላስቲክ ይፈስሳል። ይህ “ጠንካራ ቅጂ” ኮንትራት ወደተሰጠው ፋብሪካ፣ በዚያን ጊዜ በአብዛኛው ወደ ሆንግ ኮንግ ይላካል። መኮማተሩ ታስቦ ቅጂው ከሚሸጠው ዕቃ በጥቂቱ ይገዝፋል። ከዚያ ሞልዱ ይቆረጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ባገኙት ማንኛውም የፕላስቲክ ቀለም ይወጋሉ፤ ምክንያቱም በዚህ ደረጃ የሚታየው ቅርጹ ሞልቶ መውጣቱ እንጂ ቀለሙ አይደለም።

ቀራፂው ገና ሰሙን ሲይዝ ሞልዱን ማሰብ ነበረበት። ብብት ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ ከሠራ ብረቱ አይለቅም። ስለዚህ እጁን ለብቻ፣ ገላውን ለብቻ፣ እግሩን ለብቻ ቆርጦ ይሠራል። መጋጠሚያው ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ለሞልዱም መገላገያ ነው። ለፀጉርና ለፊት ደግሞ ሌላ መላ ነበር። ጭንቅላቱ በለስላሳ ፒ.ቪ.ሲ. ከተሠራ ትኩሱን ጎተት አድርጎ ማውጣት ስለሚቻል፣ ጠንካራው ፕላስቲክ የማይችለውን ጉድጓድና ጥምዝ ይፈቅዳል።

ቀለሙም የራሱ ሒሳብ ነበረው። ለእያንዳንዱ ቀለም ፊቱ ላይ የሚገጠም የብረት ጭምብል ተሠርቶ፣ በተተወው ቀዳዳ በኩል ቀለሙ ይነፋል። አንድ ቀለም ሲጨመር አንድ ጭምብል፣ አንድ ሠራተኛ፣ አንድ ማድረቂያ ጊዜ ይጨመራል። ጀርባው ሳይቀባ የሚቀረው ለዚህ ነው፤ ገዢው በካርቶኑ ላይ የሚያየው ፊቱን ነውና።

አንድ ገላ፣ ብዙ ጀግና

ወጪውን በመቆጠብ ማንም ያልደረሰበት ማቴል ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው “ሂ-ማን” 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጡንቻው ያበጠ ጀግና ነበር። የጀግናው ደረትና የጠላቱ የ“ስኬሌተር” ደረት ከአንድ ሞልድ የወጡ ናቸው። ማቴል ከቀድሞው “ቢግ ጂም” ከተባለው የምርት መስመሩ የተረፈ የነብር ሞልድ ነበረው። ነብሩ ለአዲሱ ጀግና ከመጠን በላይ ትልቅ ሆነ። አዲስ ከመቅረጽ ይልቅ ኮርቻ አጠለቁለትና ጀግናው የሚጋልበው አውሬ አደረጉት። በአረንጓዴ ፕላስቲክ ወጋው፤ “ባትል ካት” አለው፤ ሸጠው። ስህተቱ ሸቀጥ ሆነ።

በዓመቱ ደግሞ “ፌከር” የሚባል መጣ። ይህም ሂ-ማን ራሱ በሰማያዊ ፕላስቲክ ተወግቶ፣ የጠላቱን ጥሩር በሌላ ቀለም የለበሰ ነው። አዲስ ቅርጽ አልተቀረጸለትም። ስሙ በእንግሊዝኛ “አስመሳይ” ማለት ነውና ዕቃው ራሱ ምስጢሩን ይናገራል።

በዚያው በ1982 ሐስብሮ ጂ.አይ. ጆን በኬነር መጠን አሳንሶ መለሰው። ከመጀመሪያዎቹ ወታደሮች በርካቶቹ ጭንቅላት ሳይቀር ይጋሩ ነበር። ነገር ግን ክርንና ጉልበታቸው ይታጠፋል። ምስጢሩ በወገባቸው ውስጥ የተደበቀች ትንሽ የጎማ ቀለበት ናት። የደረቱ ፊትና ጀርባ በአንዲት ብሎን ይያያዛሉ፤ እግሮቹ ቀለበቷ ላይ በመንጠቆ ይንጠለጠላሉ። ውድ የሆነ የብረት ሥራ ሊጠይቅ የሚችለውን መጋጠሚያ ርካሽ ጎማ ተካው። ጎማዋ ስታረጅ ትበጠሳለች፤ ወታደሩም ከወገቡ ለሁለት ይከፈላል። ቁጠባ ሁልጊዜ በሌላ በኩል ይከፈልበታል።

ያልወጣው ሮኬት

ሁሉም ገደብ ግን ከገንዘብ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1978 መጨረሻ በአሜሪካ አንድ የአራት ዓመት ሕፃን ከአሻንጉሊት መንኮራኩር የተተኮሰ ትንሽ የፕላስቲክ ሚሳይል ጉሮሮው ውስጥ ገብቶ ሞተ። አምራቹ ማቴል በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ዕቃውን ከገበያ ሰበሰበ።

በዚያ ወቅት ኬነር “ቦባ ፌት” የሚባል፣ ከጀርባው ሮኬት የሚተኩስ ምስል ለሕፃናት በማስታወቂያ ቃል ገብቶ ነበር። ቀራፂዎቹ ሠርተውታል፤ ሞልዱም ተቆርጧል። ኩባንያው ግን አልደፈረም። ምስሉ ሮኬቱ ተጣብቆ እንዳይተኮስ ሆኖ ወጣ። ከጥር 1980 ጀምሮም የአሜሪካ መንግሥት ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት በሚሠሩ መጫወቻዎች ላይ የሚዋጥ ትንሽ ክፍል እንዳይኖር የሚከለክል ደንብ ሥራ ላይ አዋለ።

ተኳሹ ናሙና ግን በጥቂቱ በሰዎች እጅ ቀርቶ ነበር። ከነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2024 በጨረታ 525,000 ዶላር ተሸጠ። ለሕፃን ያልተሸጠው አሻንጉሊት ከተሸጡት ሁሉ በለጠ።

ተክለ ሃይማኖት ላይ ዕቃ የሚያወርድ አስመጪ ከዚህ የሚወስደው ጨረታውን አይደለም፤ ሕፃኑን ነው። ዓይኑ ተነቅሎ የሚወጣ፣ ጎማው የሚላቀቅ፣ ጥይቱ የሚዋጥ መጫወቻ በደርዘን ሁለት ብር ቢረክስም ውድ ነው።

ሰሙና ወርቁ በአገር ቤት

ትናንሽ ምስሎችን መሥራት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ወለቃ፣ የቤተ እስራኤል ሴቶች ለጎብኚ የሚሸጡ የሸክላ ምስሎችን ይሠሩ ነበር። አንበሳ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ እንስራ የተሸከመች ሴት ይገኙበታል። ሠሪዎቹ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ሥራውን የአካባቢው ሌሎች ሴቶች ይዘውታል። ሸክላም የራሱ ሕግ አለው። ወፍራም ከሆነ እሳት ውስጥ ይሰነጠቃል፤ ቀጭን እጅ ከገላው ከራቀ በመንገድ ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ምስሉ ደልደል ያለ፣ እጁ ከገላው የተጣበቀ ይሆናል። የወለቃዋ ሴትና የሲንሲናቲው ቀራፂ ሳይተዋወቁ እጁን ወደ ገላው አስጠጉት። አንዷን ያስገደዳት እሳት ነው፤ ሌላውን ያስገደደው ብረት ነው።

ሁለተኛው የአገር ቤት ጥበብ የአንጥረኛው ነው። የቤተ ክርስቲያን መስቀል የሚያወጣ አንጥረኛ ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በክፍተቱ የቀለጠው ብረት ይገባል፤ ጭቃው ተሰብሮ መስቀሉ ይወጣል። ባለቅኔው “ሰምና ወርቅ” የሚለውን አነጋገር የወሰደው ከዚህ ሙያ ነው። የሰም አሠራር ፕላስቲክ የሚፈራውን ሁሉ ይችላል፤ ሐረግ በሐረግ የተጠላለፈ፣ ቀዳዳው የበዛ፣ ውስጥ ለውስጥ የሚዞር ቅርጽ ያወጣል። ምክንያቱም ሞልዱ አይከፈትም፤ ይሰበራል። ድክመቱም ይኸው ነው። አንድ ሰም አንድ መስቀል ብቻ ይወልዳል። አሻንጉሊት ሠሪው ነፃነቱን ሰጥቶ መቶ ሺህ ቅጂ ገዛ፤ አንጥረኛው ቅጂውን ትቶ ነፃነቱን ያዘ።

ስለዚህ ቅርጽ የሚያወጣ እጅ አገራችን አላጣችም። የሚጎድለው መካከለኛው ሙያ ነው፤ የቀራፂውን ሥራ ወደሚከፈትና ወደሚዘጋ ብረት የሚተረጉም ሰው። ከተክለ ሃይማኖት ወደ ሶማሌ ተራ በሚወስደው አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ሲበላሽ የሚያድን የቶርኖ ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ አይታጣም። ምን አለሽ ተራም አሮጌውን በርሜል ወደ ምድጃና ወደ ሳጥን ይለውጣል። ይህ ሁሉ ትልቅ መሠረት ነው። ክብ ነገር በቶርኖ ይወጣል፤ የሰው ፊት ግን በቶርኖ አይወጣም። ለፊት ፍሬዛ፣ በኮምፒዩተር የሚመራ መቁረጫ፣ ብረቱን የማጠንከርና እንደ መስታወት የማለስለስ ችሎታ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ማሽኑን ያስመጣ አምራች ብዙ ጊዜ ሞልዱንም ከውጭ የሚያስመጣው።

ሞልዱ የማን ነው?

ስሌቱን ለማሳየት ያህል አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ሞልዱ 10,000 ዶላር ፈጀ እንበል። የውጭ ምንዛሪ ገበያው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከመለቀቁ በፊት ባንኩ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ይጠይቅ ስለነበር፣ ወጪው 570,000 ብር ነበር። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ሲሆን ያው ብረት ከ1,000,000 ብር አለፈ። ሞልዱ አልተለወጠም፤ የሚሸከመው የአሻንጉሊት ቁጥር ግን መለወጥ አለበት። በ1,000,000 ብር ሞልድ 10,000 ፍሬ ቢመረት በእያንዳንዱ ላይ 100 ብር የሞልድ ዕዳ ያርፋል። 100,000 ቢመረት 10 ብር ይሆናል። 500,000 ቢመረት 2 ብር ነው። የፕላስቲኩ፣ የመብራቱና የሠራተኛው ወጪ ከዚህ በላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ “ምን ያህል ያምራል?” ሳይሆን “ስንት ይሸጣል?” ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ባለቤትነት ነው። በሌላ አገር ፋብሪካ የተቆረጠ ሞልድ የማን እንደሆነ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ለሌላ ደንበኛ እንዳይሠራበት ምን ዋስትና እንዳለ በውሉ ላይ ካልሰፈረ፣ ገንዘብ የከፈለው ሰው በራሱ ቅርጽ ተወዳዳሪ ሊመጣበት ይችላል። በአገር ውስጥ አዲስ ቅርጽ ላወጣ ሰው ስለ ፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ጥበቃ ይሰጠዋል። የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ጥበቃው ለአምስት ዓመት ሲሆን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአምስት ዓመት ሊታደስ ይችላል። የጆ ጥፍር ያስተማረውም ይህንኑ ነው፤ ምልክትህን አስቀድመህ አኑር።

ሦስተኛው መንገድ ያገለገለ ሞልድ ነው። የጂ.አይ. ጆ ብረቶች አሜሪካ ውስጥ ገበያቸው ሲቀዘቅዝ ቆሻሻ ውስጥ አልተጣሉም። በሐስብሮ ፈቃድ ወደ ሕንድ ሄደው በፈንስኩል ኩባንያ እጅ ለዓመታት ሠርተዋል፤ በብራዚል ኢስትሬላ የተባለው ኩባንያም የራሱን ገበያ ከተመሳሳይ ቅርጾች አውጥቷል። ሞልዱ አርጅቶም ቢሆን፣ ቀለሙ ተለውጦ፣ ስሙ ተለውጦ፣ ላላየው ሕፃን አዲስ ነው። በእነዚህ አገሮች ሥራው የተጀመረው ከባዶ ብረት አልነበረም። ብረቱን መጠገን፣ ማጽዳት፣ የተበላውን መሙላት ግን እዚያው ተማሩ። የሶማሌ ተራ ባለቶርኖ ለሞተር የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ይህ ሁሉ ሲደመር የሚሰጠው ምክር አጭር ነው። ለመጀመር ያሰበ አምራች ከሰው ፊት አይጀምር። አንድ ገላ፣ የሚለዋወጥ ጭንቅላት፣ ጥቂት መጋጠሚያ፣ ሁለት ቀለም ይበቃዋል። ቀራፂውን፣ ሞልድ ሠሪውንና ሻጩን ከመጀመሪያው ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣቸው። ቀራፂው ብቻውን የሠራው ከብረቱ አይወጣም፤ ብረት ሠሪው ብቻውን የሠራው ከመደርደሪያው አይወጣም።

ተክለ ሃይማኖት ላይ በላስቲክ የተንጠለጠለው ጀግና ጎኑ ላይ ያለውን መስመር ይዞ እስኪሸጥ ይጠብቃል። ሕፃኑ መስመሩን አያየውም። ነጋዴው ግን ቢያየው ይበጀዋል። ብረቱ የተከፈተው እዚያ መስመር ላይ ነው፤ ገንዘቡም የገባው በዚያው በኩል ነው።